ብዊንዲ፦ ጎብኚ ያተረፈው፣ ጎብኚም የሚያሰጋው ደን
(ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)



ብዙዎቻችን ጉብኝትን የምናውቀው በመዝናኛነቱ ነው። ገንዘብ የተረፈው ሰው ሄዶ፣ አይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል፤ የሄደበት ቦታ እሱ መጣም ቀረም ያው ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሌላ ዓይነት ቦታ ነው። ጎብኚ ባይሄድበት ኖሮ ተመንጥሮ የሻይና የሙዝ ማሳ መሆኑ የማይቀር፣ ጎብኚ እንዳሻው ቢገባበት ደግሞ ውስጡ ያለው እንስሳ በበሽታ ሊያልቅ የሚችል ደን ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው መንገድ ጠባብ ናት። በዚያች መንገድ እንዴት እንደሚኬድ ማወቅ ለሚሄድም ለማይሄድም ይጠቅማል።

ደኑ ብዊንዲ ይባላል። የሚገኘው በዩጋንዳ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ኮንጎን በሚያዋስነው ድንበር ላይ ነው። ስፋቱ ከ320 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ አዲስ አበባ ከተማ ትበልጠዋለች። በ1932 በቅኝ ገዢዎቹ ጥብቅ ደን ተባለ፤ በ1991 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1994 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።) በ2018 በተካሄደው ቆጠራ በብዊንዲና ከእሱ ጋር በተያያዘው የኮንጎ ደን 459 የተራራ ጎሪላዎች ተገኝተዋል። ቀሪዎቹ ዩጋንዳ፣ ሩዋንዳና ኮንጎ በሚገናኙበት በቪሩንጋ እሳተ ገሞራ ተራሮች ላይ ይኖራሉ፤ ሁሉም ተደምረው 1,063 ነበሩ። ሦስተኛ ቦታ የላቸውም። በአውሮፓም በአሜሪካም መካነ እንስሳት የምታዩት ጎሪላ የቆላ ዘመዳቸው ነው እንጂ እነዚህ አይደሉም። የተራራውን ጎሪላ ማየት የፈለገ ሰው ተራራው ድረስ መሄድ አለበት።

ደኑ ያረጀ ነው። በበረዶ ዘመን አፍሪካ በድርቅ ስትመታ፣ በምድር ወገብ ዙሪያ የነበረው ደን አብዛኛው ወደ ሣር ሜዳ ሲለወጥ፣ ብዊንዲ ካልደረቁት ጥቂት መጠለያዎች አንዱ ነበር። ከ25,000 ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ደን ሆኖ ኖሯል ይባልለታል። ታችኛው ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 1,160 ሜትር ላይ ሲሆን ላይኛው 2,600 ሜትር ይደርሳል፤ የቆላው ዛፍና የደጋው ዛፍ በአንድ ሸንተረር ላይ የሚገናኙትም ለዚህ ነው። ከእኛ አገር የሄደ ሰው የሚያውቀው ዛፍም አያጣም፤ ጥቁር እንጨት እዚያም አለ፤ የዝግባ ዘመድም አለ። ወደ 120 የሚጠጉ አጥቢዎች፣ 350 ያህል የወፍ ዓይነቶች፣ ከ200 በላይ የቢራቢሮ ዓይነቶች ተመዝግበውበታል። የተራራ ጎሪላና ቺምፓንዚ በአንድ ደን ውስጥ አብረው የሚኖሩበት ሌላ ቦታ አይታወቅም።

ይህን ቁጥር ሰምቶ የሚሄድ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይከፋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዱር እንስሳ ጉብኝት ሲባል በፊልም ያየነው የሴሬንጌቲ ሜዳ ነው ትዝ የሚለን፤ መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ መስኮት ከፍቶ፣ አንበሳውንና ዝሆኑን መቁጠር። ጥቅጥቅ ደን እንዲህ አይሠራም። አሥር እርምጃ ርቆ የቆመ ዝሆን ላይታያችሁ ይችላል። በብዊንዲ ዝሆን አለ፤ አብዛኛው ጎብኚ የሚያየው ግን ፋንድያውንና የሰበረውን ቀርከሃ ነው። ደን በመጀመሪያ የሚሰማ፣ ቀጥሎ የሚሸተት፣ በመጨረሻ የሚታይ ነገር ነው። ቅጠል ያለ ነፋስ ሲወዛወዝ ጦጣ አለ ማለት ነው። የጎመራ ፍሬ መሬት ላይ ግማሹ ተበልቶ ከወደቀ ላያችሁ ላይ አንድ ነገር እየበላ ነው። ይህን የሚያነብላችሁ አስጎብኚው ነው፤ ስለዚህ በዚህ ዓይነት ደን ካሜራችሁ ውድ ከሚሆን ይልቅ አስጎብኚያችሁ የሰከነ ቢሆን ይሻላል። ወፍ የሚወድ ሰው ደግሞ ሩሂጃ በሚባለው በኩል ወደ ሙብዊንዲ ረግረግ ይውረድ። በዓለም ላይ በጣት በሚቆጠሩ ቦታዎች ብቻ የሚገኝ፣ አብዛኛው ሰውነቱ አረንጓዴ የሆነ ትንሽ ወፍ እዚያ ይኖራል፤ ለእሱ ብለው ውቅያኖስ አቋርጠው የሚመጡ ሰዎች አሉ። እኔ በእነዚህ ሰዎች እቀናለሁ፤ ጎሪላ ብቻ ብለው ከሚመጡት ይልቅ ደኑን የሚያዩት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ጎሪላው እንሂድ፤ አብዛኞቻችሁ የመጣችሁት ስለ እሱ ለመስማት መሆኑን አውቃለሁና።

ሥራው የሚጀመረው ጎብኚው ሳይነቃ ነው። ዱካ ተከታታዮች ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ትናንት ከጎሪላዎቹ ወደ ተለዩበት ቦታ ይሄዳሉ። ጎሪላ በየማታው አዲስ መኝታ ይሠራል፤ ቅርንጫፉንና ቅጠሉን ከዙሪያው ወደ መሐል እያጠፈ፣ እላዩ ላይ ተቀምጦ በክብደቱ ይደለድለዋል። እያንዳንዱ አዋቂ የየራሱ አለው፤ ግልገል ብቻ ነው ከእናቱ ጋር የሚተኛው። ጠዋት ሲነሡ እዚያው ይጸዳዱና ትተውት ይሄዳሉ። ዱካ ተከታታዩ መኝታውን ሲቆጥር ስንት እንዳደሩ ያውቃል፤ የፋንድያውን መጠን አይቶ የትኛው መኝታ የአውራው፣ የትኛው የእናት እንደሆነ ይለያል። ያ የ459 ቆጠራም የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ቆጣሪዎች ደኑን አስሰው መኝታ ፈልገው፣ ከየመኝታው የፋንድያ ናሙና አንሥተው፣ በዘረ መል ምርመራ አንዱን ከሌላው ለይተው ነው። ከመኝታው ተነሥቶ የተሰበረውን ሣር እየተከተለ መንጋውን ያገኘ ሰው በሬዲዮ ይናገራል።

ጎብኚው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ላይ ገለጻ ተደርጎለት ይነሣል። ለአንድ የጎሪላ ቤተሰብ በቀን የሚፈቀደው 8 ሰው ነው፤ ዕድሜው ከ15 በታች የሆነ አይገባም። ጉዞው አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ስድስት ሰዓትም ሊወስድ ይችላል፤ ጎሪላው ቀጠሮ የለውም። መንገድ የሚባል ነገር እስከ አንድ ቦታ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ አስጎብኚው በቆንጨራ እየከፈተ ነው የምትሄዱት። መሬቱን አትረግጡትም፤ የምትረግጡት የተጋደመ ሐረግና ግንድ ነው። ሱሪያችሁን ካልሲያችሁ ውስጥ ክተቱ፤ ጉንዳን ሰልፍ ላይ ከቆማችሁ ምክንያቱ ወዲያው ይገባችኋል። ወፍራም የእጅ ጓንት ያዙ፤ ቁልቁል ስትንሸራተቱ እጃችሁ መጀመሪያ የሚይዘው ሳማ ወይም እሾህ ነውና። ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መሬቱ ደረቅ ይላል ይባላል፤ እናንተ ግን የዝናብ ልብሳችሁን በየትኛውም ወር አትተዉት።

በመጨረሻ አስጎብኚው ሁሉንም ያስቆማል። ቦርሳና ዱላ እዚያው ይቀራል፤ ጭምብል ይደረጋል። ከፊት ያለው ሰው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ሁለት ጊዜ ዝቅ አድርጎ ያጉረመርማል፤ ጎሪላዎች እርስ በርሳቸው ሰላም መሆናቸውን የሚነጋገሩበት ድምፅ ነው፤ ከቅጠሉ ውስጥም ተመሳሳይ መልስ ይመጣል። ከዚያ አውራው ይታያል። ጀርባው ሸብቷል፤ ተቀምጦም ከቆመ ልጅ አያንስም፤ ክብደቱ የሁለት ሰው፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ነው። የሚያስፈራው መጠኑ ነው ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል፤ አብዛኛውን ሰው ዝም የሚያሰኘው ግን እጁ ነው። ጥፍሩ፣ የጣቱ መገጣጠሚያ፣ ግንዱን ልጦ ውስጡን ሲያወጣ አውራ ጣቱን የሚያሠራበት መንገድ። በሩዋንዳ በኩል ያሉትን ጎሪላዎች ያጠኑ ሰዎች ሳማ እንዴት እንደሚበሉ ጽፈዋል፤ ቅጠሉን በአንድ እጅ ከግንዱ ወደ ላይ መልጠው ይሰበስቡታል፣ ያጥፉታል፣ የሚለበልበውን ጠርዝ ወደ ውስጥ ጠቅልለው ይጎርሱታል። ይህን ማንም ሰው ያላስተማረው እንስሳ ነው የሚያደርገው። ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ መሐል ቁጭ ብላችሁ የምታውቁ ሰዎች ይህን የእጅ ሥራ በትንሹም ቢሆን ታውቁታላችሁ።

አውራው ደረቱን እየደቃ ቢመጣባችሁ መሮጥ የለም፤ ዝቅ ብሎ ዓይንን ሰብሮ መቆየት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማስፈራሪያ ነው። ሰዓቱ አንድ ብቻ ነው፤ ስልሳኛው ደቂቃ ላይ አስጎብኚው «በቃ» ይላል፤ ልመናም ጉቦም አይሠራም። ሩሻጋ በሚባለው በኩል ገና ሰውን በመላመድ ላይ ካሉ ጎሪላዎች ጋር 4 ሰዓት መቆየት ይቻላል፤ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ነው።

አንድ ሰዓት ለምን? 8 ሰው ለምን? ጭምብልስ? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

የጎሪላ ዘረ መል ከእኛው ጋር 98 በመቶ ያህል ይመሳሰላል። ዝምድናው ጉንፋናችንንም ይጨምራል። ሰው ሦስት ቀን አስነጥሶት የሚረሳው ቫይረስ ለጎሪላ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ ተላምዶት የመጣ መከላከያ የለውማ። በ1996 የሆነውን ልንገራችሁ። በብዊንዲ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ጎሪላዎች ፀጉራቸው እየረገፈ፣ ቆዳቸው እየተላጠ ሲያሳክካቸው ታየ። የተላከችው የዩጋንዳ የመጀመሪያዋ የዱር እንስሳት ሐኪም ዶክተር ግላዲስ ካሌማ ዚኩሶካ ነበረች። በሽታው እከክ ሆኖ ተገኘ፤ እከኩ የሰው ነው። አንድ ግልገል ሞተ፤ ሌሎቹ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ዳኑ። ከየት መጣ ቢባል፣ በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ማሳቸውን ለመጠበቅ አሮጌ ልብስ አልብሰው ከሚያቆሙት ማስፈራሪያ ሳይሆን አልቀረም፤ ጎሪላዎቹ ሙዝ ፍለጋ ከደኑ ወጥተው ልብሱን ነክተዋል። ሐኪሟ ከዚያ የተማረችውን በ2003 ሥራ ላይ አዋለችው። ያቋቋመችው ድርጅት የጎሪላውን ጤና የሚጠብቀው የገበሬውን ጤና በመጠበቅ ነው፤ በየመንደሩ እየዞረ ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ያስተምራል። የገበሬዎቹን ቡና በተሻለ ዋጋ የሚገዛ ሥራም ከዚሁ ጋር ተወልዷል፤ ከቡና ጥሩ ያገኘ ገበሬ ወጥመድ ይዞ ደን አይገባም በሚል።

እንግዲህ ጎብኚው አደጋ ነው። ታዲያ ለምን አይከለከልም?

ምክንያቱም በብዊንዲ ዙሪያ ያለው ሕዝብ በአፍሪካ ገጠር ካሉት ሁሉ ተጠጋግተው ከሚኖሩት አንዱ ነው። የደኑ ድንበር በቢላ የተቆረጠ ይመስላል፤ በዚህ በኩል ዛፍ፣ በዚያ በኩል እስከ ተራራው አናት የታረሰ ማሳ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቪሩንጋ በኩል ያሉት ጎሪላዎች 250 ገደማ ብቻ ቀርተው ነበር፤ ከዚህ ትውልድ አያልፉም ያሉ ጥቂት አልነበሩም። በብዊንዲ በ1993 ቡሆማ ላይ የመጀመሪያው ቤተሰብ ለጎብኚ ተከፈተ። ያን ቤተሰብ ሰው እንዲላመድ ለማድረግ በየቀኑ እየሄዱ፣ እየተባረሩ፣ እየተመለሱ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ዛሬ ለጉብኝት የተላመዱት ቤተሰቦች ከ20 በላይ ናቸው። በ2018 የተራራ ጎሪላ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ በከፍተኛ አደጋ ላይ ካሉት ምድብ አንድ ደረጃ ወጥቷል። ከታላላቆቹ ዝንጀሮዎች መካከል ቁጥሩ እየጨመረ ያለው እሱ ብቻ መሆኑ ያለ ጎብኚ ገንዘብ አይገለጽም።

ገንዘቡ ትንሽ አይደለም። ከ2024 ሐምሌ ጀምሮ ከሌላ አህጉር ለሚመጣ ጎብኚ አንዷ ሰዓት 800 ዶላር ሆናለች፤ ሩዋንዳ 1,500 ታስከፍላለች። ለአፍሪካውያንና ለአካባቢው ሀገሮች ዜጎች ዝቅ ያለ ተመን ስላለ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ጠይቁ። ውድ ነው የሚል ቅሬታ ሁሌ እሰማለሁ። እኔ በዋጋው አልከራከርም፤ ርካሽ ቢሆን 8 ሰው ሳይሆን 80 ሰው ይሰለፍ ነበር። የምከራከረው በአከፋፈሉ ነው። በሕጉ መሠረት ከፓርኩ መግቢያ ክፍያ 20 በመቶው ለጎረቤት ወረዳዎች ይሰጣል፤ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ተሠርቶበታል። ከጎሪላው ፈቃድ ግን ለመንደሩ የሚደርሰው ጥቂት ዶላር ነው። ሙዙን ጎሪላ የበላበት ገበሬ ይህን ሒሳብ ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ከገበሬውም በላይ የከፈለ አለ። ባትዋዎች በዚህ ደን ውስጥ እያደኑ፣ ማር እየቆረጡ፣ መድኃኒት እየለቀሙ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። ብዊንዲ በ1991 ፓርክ ሲሆን ተባረሩ። የመሬት ደብተር ስላልነበራቸው ካሳም አላገኙም፤ ደኑን ሳይመነጥሩ መኖራቸው ባለቤት ላለመሆናቸው ማስረጃ ሆነባቸው። ልጆቻቸው ዛሬ በሰው ማሳ የቀን ሠራተኛ ናቸው። በ2021 የሀገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በደል እንደተፈጸመባቸው ወስኗል፤ ውሳኔው ግን መሬት ሆኖ አልደረሳቸውም። ለቱሪስት እሳት ሲያወጡና ሲዘፍኑ የሚያሳዩበት ጉብኝት አለ። ልትሄዱ ትችላላችሁ፤ ስትሄዱ ገንዘቡ ለማን እንደሚገባ ጠይቁ፤ ከጭፈራው ይልቅ ስለ ዕፅዋቱ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ፤ ጥበባቸው እሱ ነው።

ጎብኚ ባይኖር ምን እንደሚሆን ለማወቅ መገመት አላስፈለገም። በ2020 በኮሮና ምክንያት ጉብኝቱ ቆመ። ተሸካሚው፣ ምግብ አብሳይዋ፣ ቅርጫት ሠሪዋ በአንድ ቀን ሥራ አጡ፤ በደኑ ውስጥ ወጥመድ በዛ። በዚያው ዓመት ሰኔ ራፊኪ የሚባል የታወቀ አውራ ጎሪላ በጦር ተወግቶ ሞቶ ተገኘ። የ17 ጎሪላዎች መሪ ነበር። የገደለው ሰው ለሚዳቋና ለዱር አሳማ እንጂ ለእሱ ብሎ እንዳልገባ፣ ሲመጣበት እንደወጋው ተናገረ፤ 11 ዓመት ተፈረደበት። ስለ ቅጣቱ ሕግ ዐዋቂ ይፍረድ፤ የሰውየውን ርሃብ ግን ፓርኩ በዚያ ወር ሊያቃልልለት አልቻለም።

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ነገር ልጨምር። ከአዲስ አበባ እንቴቤ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከእንቴቤ ብዊንዲ በመኪና ቀኑን ሙሉ ያስኬዳል፤ ኪሂሂ ወይም ኪሶሮ በትንሽ አውሮፕላን መሄድም ይቻላል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ስለ ወባ መድኃኒትም ሐኪም አማክሩ። ፓርኩ ቡሆማ፣ ሩሂጃ፣ ሩሻጋና ንኩሪንጎ የሚባሉ አራት በሮች አሉት፤ ፈቃዱ የሚቆረጠው ለአንዱ በር ነው። ተራራው ያራራቃቸው ስለሆኑ በአንዱ በኩል አድሮ በሌላው በኩል ጠዋት ለመድረስ ማሰብ ፈቃዱን ማቃጠል ነው፤ መጀመሪያ ፈቃዱን ያዙ፣ ከዚያ ማደሪያውን። ስለ ጸጥታውም እውነቱን መናገር ይገባል፤ በ1999 ከድንበር ማዶ የመጡ አማፂዎች ቡሆማ ገብተው 8 ቱሪስቶችን ገድለዋል። ከዚያ ወዲህ የታጠቀ ጥበቃ አብሮ ይሄዳል። ያም ሆኖ ከመነሣታችሁ በፊት የወቅቱን ሁኔታ ጠይቁ።

በሩ ላይ ተሸካሚዎች ተሰልፈው ታገኛላችሁ፤ አንዳንዶቹ ቀድሞ ወጥመድ የሚዘረጉ የነበሩ ናቸው። ቦርሳችሁ ቀላል ቢሆንም፣ ጉልበት ቢኖራችሁም አንድ ሰው ቅጠሩ፤ በቀጥታ ከእጃችሁ ወደ መንደሩ የሚገባው ገንዘብ እሱ ነው። በዚያች ጠዋት ጉሮሯችሁን ከከረከራችሁ ደግሞ ለአስጎብኚው ተናገሩና ቅሩ። የከፈላችሁት ገንዘብ እንደሚያንገበግባችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም ቅሩ።